ማሙሽን ማሳዘል

ህዳር አሥራ ሁለት ቀን ቤቴን ዘግቼ ነው የምውለው። ሰዉ በጠዋት ተነስቶ ጓሮውን ይጠርጋል፤ ቅጠሉን፣ ገለባውን፣ ያረጀ ሰሌኑን ከደጅ ይቆልልና እሳት ይለኩስበታል። ህዳር ሲታጠን ነው። ልጆች በጭሱ ላይ እየዘለሉ ይስቃሉ። ይሳቁ፣ ማን ከልክሏቸው! እኔ ግን ያ ጭስ በመስኮቱ ስንጥቅ ሾልኮ ሲገባ አፍንጫዬን በነጠላዬ ይዤ፣ ጎረቤቶቼ «አሮጊቷ ደግሞ ጀመራት» እስኪሉ ድረስ እነጫነጫለሁ።

ዘንድሮ የልጅ ልጄ የእንግሊዝኛ ትምህርቷን ይዛ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር። «እማማ፣ ኬሪ ማለት መሸከም ነው» አለችኝ። «እሺ» አልኳት። ጥቂት ቆየችና «ማዘልም ነው» አለች። ቀጥላ መታቀፍም፣ ማንጠልጠልም፣ በእጅ ይዞ መሄድም፣ ልጅ ማርገዝም ሳይቀር በዚያችው በአንዷ ቃል እንደሚባል ነገረችኝ። የቃሉ ዘር ደግሞ ከጋሪ ነው ብለዋታል መምህሯ። ድሮ በጋሪ ማጓጓዝ ማለት ነበር አሉ፤ እያደር ትከሻውንም ጀርባውንም ሆዱንም ጠቅልሎ ያዘ።

ተናደድኩ። «ጋሪና ጀርባ አንድ ነው እንዴ?» ብዬ ጮህኩባት። ልጅቷ ደነገጠች። «እሺ እማማ፣ ልዩነቱን ንገሪኛ» አለችኝ። ልነግራት አልኩና ተውኩት፤ ገና ልጅ ናት። ጭሱ ግን ቤት ውስጥ ገብቷል፣ ነገሩም ተቀስቅሷል። እንግዲህ እዚህ ላውጣው።

ያን ጊዜ ቤታችን እሪ በከንቱ ነበር። ዛሬ ፒያሳ ከሚሉት ሜዳ ወደ ወንዙ ሲወርዱ፣ ጎጆው ተደራርቦ የቆመበት ቁልቁለት ነው። አባቴ ከአራዳ ገበያ ዳር አንዲት ደጃፍ ይዞ ልብስ ይሰፋ ነበር። እናቴ ብርቄ ትባላለች፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ቶሎ የማትስቅ ሴት። ከእኔ በኋላ የወለደቻቸው ልጆች አልበረከቱላትም። መጨረሻ ላይ የመጣው ማሙሽ ነው፤ ያን ዓመት ገና ዳዴ ማለት ጀምሮ ነበር። እናቴ እሱን ከጀርባዋ አታወርደውም። ጎረቤት «ኧረ ልጁ ይፍታታ፣ እግሩ ይጠና» ሲላት፣ «የፊተኞቹን መሬት ባስቀምጣቸው ነው የተነጠቅኋቸው። ጀርባ ላይ ያለ ልጅ አይነጠቅም» ትላለች። እኔም እንደ ጸሎት ያዝኩት፤ ጀርባ ላይ ያለ አይነጠቅም።

የእኔ ሥራ ማሳዘል ነበር። ጠዋት ጠዋት «ነይ አሳዝዪኝ» ስትለኝ እሄዳለሁ። ጎንበስ ትላለች፤ ማሙሽን ከመደቡ አንስቼ ጀርባዋ ላይ አስቀምጠውና እሷ የአንቀልባውን ጠፍር ደረቷ ላይ አስራ እስክትጨርስ ድረስ ቂጡን በሁለት እጄ ደግፌ እቆማለሁ። ማሙሽ ጉልበቶቹን ከፍቶ እናቴን ይጣበቅባታል፤ በዚያ መሀል አንድ እጁን ዘርግቶ ፀጉሬን ጨብጦ ይጎትታል። የቅቤና የወተት ሽታ ነበረው። ምሽት ላይ ደግሞ «ተቀበዪኝ» ትለኛለች፤ በጀርባዋ ሙቀት የላበ ልጅ እጄ ላይ ይወርዳል። ሰባት ዓመት ቢሆነኝ ነው፤ ከዚህ የበለጠ የሚያኮራ ሥራ ያለ አይመስለኝም ነበር።

አያ ሽብሩ የሚባል ተሸካሚ ከጎናችን ይኖር ነበር። ከጉራጌ አገር የመጣ፣ አንገቱ ከትከሻው ጋር የገጠመ፣ ድምፁ ግን የሴት ያህል የለሰለሰ ሰው። አራዳ ተሸካሚን ኩሊ ይለዋል። ስሙን ያመጡት የህንድ ነጋዴዎች ናቸው ሲባል እሰማለሁ። አያ ሽብሩ ኩሊ ብሎ የጠራውን ሰው ዞሮም አያየውም፤ «ስም አለኝ» ይልና መንገዱን ይቀጥላል።

አንድ ቀን ጆንያ ተሸክሞ ሲመጣ ደክሞት አይቼ፣ ላግዘው ብዬ ከኋላው ሄጄ ጆንያውን ሳብ አደረግኩት። ተንገዳግዶ ሊወድቅ ሲል ግድግዳ ይዞ ቆመ። ጮኾብኝ የሚያውቀው ያን ጊዜ ብቻ ነው። «ሳልልሽ አትንኪ!» አለኝ። ኋላ ግን ቁጭ አድርጎ አስረዳኝ። በተሸካሚ ሕግ፣ «አሸክመኝ» ወይም «አውርድልኝ» የተባለ ሰው መኳንንትም ቢሆን ቆሞ ያግዛል፤ እምቢ ማለት ነውር ነው። ባለሸክሙ ቃል ሳያወጣ ግን ማንም እጁን አያሳርፍበትም። «ሰውየው ሸክሙን ተደግፎ ነው የቆመው። ድንገት ከወሰድሽበት ይወድቃል» አለኝ። የሚደገፉት ነገር እንዴት ይከብዳል ብዬ ብዙ አሰብኩ፤ አልገባኝም።

ኋላ «የህዳር በሽታ» የተባለው ሕመም ከህዳር ጋር ገባ። መጀመሪያ የአህያ ነጂዎቹ ሳል ነበር፤ ቀጥሎ የገበያው ድምፅ ቀነሰ፤ ከዚያ የጊዮርጊስ ደወል ዝም አለ፤ ደዋዩም ተኝቶ ኖሯል። እማሆይ አስካለ የሚባሉ መነኩሴ ጎረቤታችን «በሽታው ጭስ ይጠላል» ብለው በየቤቱ ደጅ ጥራጊ እያቃጠሉ ይዞራሉ። ሰፈሩ በሙሉ የተቃጠለ ገለባና የነጭ ሽንኩርት ሽታ ሸተተ። ሰው ሲጠፋ እሳቸውን እጠይቃለሁ፤ «ሄደ» ይሉኛል፤ «ሄደች» ይሉኛል። እኔ አገር ቤት የሄዱ መሰለኝ። ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ ዘመድ ጥየቃ መሄዱ፣ ለአንዱም ስንቅ አለመሰነቁ ገርሞኛል። አንድ ጠዋት የእማሆይ ጭስ አልተነሳም። ጥራጊው አልቆባቸው ይሆናል ብዬ ከጓሯችን ቅጠል ሰብስቤ ደጃቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው። የሚያነሳው ጠፍቶ ነፋስ በተነው።

አባቴ በሁለተኛው ሳምንት ወደቀ። አፍንጫው ደማ፤ ብርድ ልብስ ለመጠየቅ እንኳ ድምፅ አልነበረውም። ሲሞት እኔን ጓሮ አስቀመጡኝ፤ ኋላም «ሄደ» ብቻ አሉኝ። ቃሬዛ ከየትም አልተገኘም፤ ሁሉም ሬሳ ማመላለስ ላይ ነበር። አያ ሽብሩ የቤታችንን በር ከማጠፊያው ነቀለው። አባቴን በሳንቃው ላይ አስተኝተው፣ አያ ሽብሩ ከፊት፣ ሌላ ሰው ከኋላ ሆነው ዳገቱን ወጡ። አልቃሽ አልነበረም። እናቴ ማሙሽን አዝላ ከኋላቸው ሄደች።

በሩ ተመልሶ አልመጣም። ከጊዮርጊስ ሳይመለስ ሌላ ቤት ፈለገው፤ ከዚያም ሌላ። በነጋታው ደጅ ቆሜ ሳለሁ በራችን ብቻውን በመንገዱ ሲመጣ አየሁ። ቁሞ ነበር የሚሄደው። ከሥሩ ሁለት እግር ብቻ ይታያል፤ ጭንቅላት የለው፣ እጅ የለው። አባቴ የቀባው ሰማያዊ ቀለም፣ እኔ በምስማር የቧጠጥኩት ቦታ ሳይቀር ታየኝ። «በራችን!» ብዬ ጮህኩ። በሩ ቆም አለ፤ ከጀርባው የአያ ሽብሩ ለስላሳ ድምፅ «ግቢ ልጄ፣ ግቢ» አለኝ። ባዶውን ተሸክሞት ወደ ታች ሰፈር ሲወርድ ኖሯል። እኔ ግን በልቤ ሌላ ነገር ሠራሁ፤ አባዬ የሆነ ቦታ አዲስ ቤት ይዟል፣ በሩን ያስመጣው ለዚያ ነው፣ ሲያልቅ ይወስደናል አልኩ።

እናቴ በበሩ ፋንታ የአባቴን ጋቢ ሰቀለች። ጋቢው ቀኑን ሙሉ ወደ ውስጥ ይነፋል፣ ወደ ውጭ ይሳባል። ቤቱ የሚተነፍስ ይመስል ነበር። እናቴ ፊቷን ወደ ጋቢው አዙራ ትቀመጣለች፤ ጀርባዋን በፍጹም አትሰጠውም፤ ጀርባዋ ላይ ማሙሽ አለ።

ከዚያ ጋሪው መዞር ጀመረ። መንኮራኩሩ ይጮሃል፤ ከሩቅ የሚያለቅስ ሰው ይመስላል። አፋቸውን በጨርቅ ያሰሩ ሁለት ሰዎች በየደጁ ቆም እያሉ «የወደቀ አለ?» ይላሉ። እኔ አሮጌ ዕቃ ገዢ መስለውኝ የተሰበረ ጣባችንን ልሰጣቸው ይዤ ስወጣ፣ እናቴ ክንዴን ይዛ ወደ ውስጥ ጎተተችኝ። ጥፍሯ ቆዳዬ ውስጥ ገባ። «ለእነሱ ምንም የለንም። ሰምተሻል? ምንም» አለችኝ። ጋሪው የሚያራግፈው ከከተማ ውጭ አንድ ጉድጓድ ውስጥ ነው፤ ስምም ፍትሐትም የለም ሲባል ሰምታለች። እናቴ የምትፈራው ሞትን ብቻ አልነበረም፤ ያንን ጋሪም ነበር።

ማሙሽ አሳለው፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲስል አደረ። ወደ ንጋት ላይ ተወው። እኔም ተሽሎታል ብዬ ተኛሁ።

ጠዋት እናቴ እንደ ወትሮው ጎንበስ ብላ «ነይ አሳዝዪኝ» አለችኝ። አነሳሁት። ፀጉሬን አልያዘም። ጀርባዋ ላይ ሳስቀምጠው ጉልበቶቹ አልከፈት አሉኝ። ጫን አደረግኩት፤ እምቢ አለ። «እማዬ፣ ማሙሽ አኩርፏል» አልኳት። እጆቿን ወደ ኋላ ዘርግታ እግሮቹን በዝግታ፣ በጣም በዝግታ፣ ራሷ አስተካከለቻቸው። ከዚያ ጠፍሩን ሁለቴ አዙራ አሰረች። ሌላ ጊዜ አንዴ ነበር የምታዞረው።

ወጣን። ዳገቱን ስንወጣ እኔ ከኋላ ነበርኩ። የማሙሽ አንድ እግር ከአንቀልባው ሾልኮ ወጣ። ይዤ አስገባሁት፤ ቀዝቃዛ ነበር። ጥቂት እንደ ሄድን ደግሞ ወጣ። በትንፋሼ አሙቄ መለስኩት፤ እንደገና ወጣ። ያስቀኝ ጀመር። እየተጫወተብኝ መሰለኝ። «ቆይ አንተ!» እያልኩ፣ እሱ እግሩን እያወጣ፣ እኔ እያስገባሁ አራዳ ደረስን።

አራዳን እንደዚያ ሆኖ አይቼው አላውቅም። ሱቁ ሁሉ ዝግ ነው። ሰው የሚጋፋበት ሜዳ ላይ የራሳችን የእግር ድምፅ ይመለስልን ነበር። ከአንድ ሱቅ ደጃፍ አንዲት በቅሎ እንደ ተጫነች ታስራ ቆማለች፤ ባለቤቷ ሱቁ ውስጥ ይሁን የትም ይሁን የሚያውቅ የለም። አያ ሽብሩ ጭነቷን እያራገፈላት አገኘነው። እኔን አይቶ እንደ ማፈር አለና «እንስሳ ቃል የለውም፤ እሱን ሳይጠይቁ ነው» አለኝ። ከዚያ ቀና ብሎ እናቴን አያት።

«እንዴት አደሩ እትዬ ብርቄ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ማሙሽስ?»

«ተኝቷል» አለች እናቴ።

«ዛሬ ጨዋ ሆኗል አያ ሽብሩ» አልኩት እኔ በኩራት፤ «ከጠዋት ጀምሮ አላለቀሰም።»

አያ ሽብሩ ራሱ ላይ የጠመጠመውን ጨርቅ አወለቀ። ለምን እንዳወለቀ አልገባኝም፤ ፀሐዩ ገና አልጠነከረም። «ወዴት ነው እትዬ?» አላት፤ ድምፁ እንደ ወትሮው ለስላሳ ነው።

«አባቱ ዘንድ ልወስደው ነው።»

ደስታዬን አልችለው አልኩ። አዲሱን ቤት ልናይ ነው! አያ ሽብሩ ግን የበቅሎዋን ገመድ ፈትቶ ለቀቃትና ከኋላችን ተከተለ። እናቴ ስትፈጥን ይፈጥናል፤ ስትቆም ይቆማል። እጆቹ ትንሽ ወደ ፊት ተዘርግተው ነበር፤ የሚወድቅ ነገር የሚጠብቅ ሰው ይመስል።

ጋሪው ጥግ ዞሮ ፊት ለፊታችን መጣ። በላዩ ሰሌን ተከድኗል። ከሰሌኑ ሥር አንድ ረጅም የሴት ሹሩባ ወጥቶ ይወዛወዛል፤ እንቅልፍ ጥሏት ፀጉሯን መሰብሰብ የረሳች ሴት መሰለችኝ። ጋሪ ገፊው ቆመና እናቴን ከላይ እስከ ታች አያት። ወጥታ የነበረችውን እግር አየ፤ እኔ ገና አልመለስኳትም ነበር።

«እህቴ፣ ያዘልሽውን ስጪኝ» አላት። «በሽታው ለዚችኛዋም ይተርፋል» ብሎ ወደ እኔ ጠቆመ።

እናቴ እጆቿን ወደ ኋላ ልካ ማሙሽን አጠበቀችው። ሰውየው አንድ እርምጃ ቀረበ። አያ ሽብሩ መሀል ገባ።

«ተኝቷል» አለው።

«ሽብሩ፣ እኔ ዓይን የለኝም?»

«ዓይንማ አለህ፤ ቃል ሰምተሃል? አውርዱልኝ አለች?»

ሰውየው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ተመለሰ። እሱም ከበሽታው በፊት ከአያ ሽብሩ ጋር አትክልት የሚሸከም ሰው ነበር፤ ሕጉን ያውቀዋል። «እስከ መቼ እንዲህ ትዞራለች?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«እስክትል።»

ጋሪውን ወደ ዳር ወሰደልንና አሳለፈን። ስናልፍ አፉን ያሰረበትን ጨርቅ ዝቅ አድርጎ ለእናቴ ራሱን ነቀነቀላት። መንኮራኩሩ እንደገና ሲጮህ ከኋላችን ብዙ ርቀት ተሰማኝ።

ጊዮርጊስ ቅጥር ገባን። አፈሩ ሁሉ አዲስ ነበር፤ ቦታው የታረሰ ማሳ ይመስላል። እናቴ ከአንዱ ክምር አጠገብ ቆመች። «የታል ቤቱ?» አልኩ። «በራችንስ?» ስል፣ አያ ሽብሩ ዶማ ተውሶ መጣና ከክምሩ ጎን መቆፈር ጀመረ። ትንሽ ነበር የቆፈረው። በዛፍ ሥር አንድ የታመሙ ቄስ ቁጭ ብለዋል፤ መስቀላቸውን ለመያዝ እንኳ ሁለት እጅ አስፈልጓቸዋል። ፍትሐቱን ለማድረስ የቀሩት እሳቸው ናቸው።

አያ ሽብሩ ጨረሰና ዶማውን ተደግፎ ቆመ። እናቴ እንደ ቆመች ናት። ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ እየተወዛወዘች እሹሩሩ ትላለች። ሌሎች ሬሳዎች መጡ፣ ተቀበሩ፤ ያመጧቸው ሰዎች ሄዱ። እናቴ እሹሩሩ ትላለች።

«ልጄ፣ አውርጂው እንጂ» አሉ አባ።

«አባ፣ ይታገሱ» አላቸው አያ ሽብሩ።

እኔ ደክሞኝ መሬት ቁጭ አልኩና ማሙሽን ቀና ብዬ አየሁት። ጉንጩ የእናቴ ጀርባ ላይ ተደፍቷል፤ አንድ ዓይኑ ገርበብ ብሏል። አንዲት ዝንብ መጥታ ዓይኑ ላይ አረፈች። ማሙሽ ዝንብ አይወድም፤ ገና ስትቀርበው ነበር የሚነጫነጨው። ዝንቧ ሄደች፣ ተመለሰች፣ በዓይኑ ነጭ ላይ ተራመደች። ዓይኑን አልጨፈነም።

ጠዋት ያልተከፈቱት ጉልበቶች፣ መንገዱን ሙሉ እየሳቅኩ የመለስኩት እግር፣ «ሄደ»፣ «ሄደች»፣ ሰሌኑ ሥር ያለው ሹሩባ፣ ሁሉም ተራ በተራ መጥቶ ፊቴ ቆመ። አባቴም ቤት አልሠራም። «እማዬ» ብቻ አልኳት።

ዞራ አየችኝ። እሹሩሩዋን አቆመች። ፊቴን ለረጅም ጊዜ ተመለከተችው፤ ማወቄን አየችው። ያን ጠዋት ሙሉ ጠፍሩን የጨበጠው እጇ ለመጀመሪያ ጊዜ ላላ። ከዚያ ማታ ማታ እንደምትለኝ አድርጋ ጎንበስ አለችና «ነይ፣ ተቀበዪኝ» አለችኝ።

ሄጄ ከኋላዋ ቆምኩ። ጠፍሩን ፈታች። ማሙሽ እጄ ላይ ወረደ። ከብዶኛል፤ እንደዚያን ቀን ከብዶኝ አያውቅም። አያ ሽብሩ ያኔ ነው የተንቀሳቀሰው፤ ሰፊ እጆቹ ከእጆቼ ሥር ገቡና ሁለታችን ይዘን አስቀመጥነው። እናቴ ቀና ስትል ተንገዳገደች፤ ክንዷን ይዞ አቆማት። አባ ፀሎታቸውን በሹክሹክታ አደረሱ። አፈሩ ተመለሰ። ስሙ በፍትሐት ተጠርቶ፣ ከአባቱ ጎን ገባ፤ ጋሪው አላገኘውም።

ሲያልቅ እናቴ ባዶውን አንቀልባ ከመሬት አነሳች፤ አራገፈችው። ትጥለዋለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ወደ እኔ መጥታ ጀርባዋን ሰጠችኝና «ነይ» አለችኝ።

«እማዬ፣ እኔ ትልቅ ነኝ» አልኳት።

«ነይ አልኩሽ። አያ ሽብሩ፣ አሳዝለኝ።»

ብድግ አድርጎ ጀርባዋ ላይ አስቀመጠኝ። እግሮቼ እስከ ጉልበቷ ይደርሱ ነበር። ጠፍሩን ሁለቴ አዞረችው። ማሙሽ ከጠዋት ጀምሮ የነበረበት ቦታ ላይ ጉንጬን አሳረፍኩ፤ ልብሷ እዚያ ጋ ቀዝቃዛ ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። ብንቀሳቀስ እሷ የምትወድቅ፣ ባልንቀሳቀስ እኔ የምሞት መሰለኝ። ዝም ብዬ ተጣበቅኩባት።

ከቅጥሩ ሳንወጣ ቆመች። ጀርባዋን ነቅነቅ አደረገችኝ።

«ሙሉ!»

«አቤት።»

«አትተኚ። አውሪኝ።»

የማወራው ጠፋኝ። ያየሁትን ጀመርኩ። «እማዬ፣ ይኸ የህንዱ ሱቅ ነው፣ ዝግ ነው» አልኳት። «እማዬ፣ በቅሎዋ የለችም፤ ሄዳለች» አልኩና፣ «ሄዳለች» የሚለው ቃል አስፈራኝ፤ ቶሎ ብዬ «ሣር ልትበላ ነው የሄደችው» አልኳት። ውሻ ሳይ ውሻ አልኩ፤ ደመና ሳይ ደመና አልኩ። ያየሁት ሲያልቅ ያላየሁትን አወራሁ። ትንፋሽ ልሰበስብ ዝም ያልኩ እንደሆነ ወዲያው ትቆማለች፤ ትነቀንቀኛለች።

«ሙሉ!»

«አቤት።»

ሜዳውን አልፈን ቁልቁለቱን ያዝን። አያ ሽብሩ ከኋላችን ነበር፤ ዱካው ይሰማኛል። ጉሮሮዬ ደርቆ ድምፄ እየቀጠነ ሄደ። ማውራት ሲያቅተኝ እሷ ስሜን መጥራት ብቻ ያዘች፤ እኔም መመለስ ብቻ ያዝኩ።

«ሙሉ!»

«አቤት፣ እማዬ።»

«ሙሉ!»

«አለሁ።»